በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች የጾታ ምጣኔ መረጃ ለልማት ዕቅድ ያለው ፋይዳ

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአዲስ አበባ 1 ሚሊዮን 434 ሺህ 164 ሴቶችና 1 ሚሊዮን 305 ሺህ 387 ወንዶች ተመዝግበዋል። ይህም ለ100 ሴቶች 91 ያህል ወንዶች ማለት ሲሆን፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ግን የወንዶች ቁጥር በመጠኑ ይበልጥ ነበር።

ልዩነቱ ከልደት የመነጨ አይደለም። በዓለም ላይ ለ100 ሴት ሕፃናት 105 ያህል ወንዶች ይወለዳሉ። የከተማን ሚዛን በዋናነት የሚለውጠው ፍልሰት ሲሆን፤ በርካታ ወጣት ሴቶች ለቤት ሠራተኝነት፣ ለንግድና ለትምህርት ከገጠር ወደ መዲናዋ ይመጣሉ።

በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታና በገላን አካባቢ ደግሞ የአበባ እርሻና የጨርቃ ጨርቅ ሥራ ሴቶችን ሲስብ፤ ግንባታና የጭነት ትራንስፖርት በአብዛኛው ወንዶችን ይስባል። በመሆኑም ምጣኔው ከከተማ ከተማ ሊለያይ ይችላል።

መረጃው የእናቶች ጤና አገልግሎትን፣ የሕፃናት ማቆያን፣ የኪራይ ቤትንና ከሌሊት ፈረቃ ለሚመለሱ ሠራተኞች የሚያስፈልገውን መጓጓዣ ለማቀድ ይረዳል።

አራቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። አራተኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. እንዲራዘም በመወሰኑ የ1999ኙ ቆጠራ የአገሪቱ የመጨረሻ ሙሉ ቆጠራ ሆኖ ቆይቷል። ያን ጊዜ በሕፃንነት የተቆጠረች ልጅ ዛሬ ለሥራ ደርሳለች።