ዳሌክ፣ ልጆች የወደዱት ጨፍጫፊ

ክንድን ቀጥ አድርጎ ወደ ፊት መዘርጋት፣ እግርን ሳያነሡ መንሸራተት፣ ከዚያም በተቆራረጠ ድምፅ «ይደምሰስ!» እያሉ መጮኽ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የእንግሊዝ ልጆች ዳሌክ ዳሌክ ሲጫወቱ እንዲህ ነበር። የሚጫወቱት ግን ከራሱ ዘር ውጭ ያለውን ሁሉ ለማጥፋት የተነሣ ጨፍጫፊን ሆነው ነው።

ዳሌክ ጦርነት መልኩን ያበላሸው፣ በብረት ጥሩር ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር የሌላ ዓለም ፍጡር ነው። ብቅ ያለው ቢቢሲ በሚያስተላልፈው «ዶክተር ሁ» በተባለው ተከታታይ ድራማ፣ ዲሴምበር 21 ቀን 1963 ነበር። ያን ዕለት መላ አካሉ አልታየም፤ በድንጋጤ ወደምትጮኽ ሴት የሚጠጋ አንድ ክንድ ብቻ ታየና ክፍሉ አለቀ። የጣቢያው የድራማ ኃላፊ ሲድኒ ኒውማን ቀድሞውንም ጭራቅ አልፈልግም ብሎ ነበርና ተቆጣ። ታሪኩ ሳያልቅ ግን ተመልካቹ ከ10 ሚሊዮን አለፈ።

ደራሲው ቴሪ ኔሽን በ1930 ካርዲፍ ተወልዶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ያደገ ሰው ነው፤ ዳሌኮችንም የጻፋቸው ናዚዎችን እያሰበ ነው። በ1964 ለንደንን ወርረው በዌስትሚንስተር ድልድይ ላይ ሲንሸራተቱ በታዩ ጊዜ፣ የጀርመን ቦምብ በከተማዋ ላይ መውረድ ካቆመ ሃያ ዓመት አልሞላም። ልጁ በፍርሃትና በደስታ ሲያይ፣ አጠገቡ የተቀመጡት ወላጆቹ የሚያስታውሱት ሌላ ነገር ነበር።

መልኩን ያወጣለት ግን ሬይመንድ ኩሲክ የተባለ የቢቢሲ ዲዛይነር ነው። በጀቱ ትንሽ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጦ በዙሪያው ቅርፊት ነደፈ። ውስጥ ያለው ተዋናይ ከሥር ባሉት ትንንሽ ጎማዎች ላይ በእግሩ እየገፋ ይሄዳል፤ ዓይኑንና ክንዶቹን በእጁ ያንቀሳቅሳል። አንደኛው ክንድ የተደፈነ የቧንቧ መስመር የሚከፈትበት ባለ እጀታ ጎማ ነው። ድምፁን ሌሎች ተዋንያን ከውጭ ሆነው ይናገራሉ፤ የድምፅ ባለሙያው ብራያን ሆጅሰን ደግሞ ንግግሩን ከዝቅተኛ የኤሌክትሪክ ድምፅ ጋር በሚያባዛ መሣሪያ አሳልፎ ያንቀጠቅጠው ነበር።

በእኔ እምነት ዳሌክን የሕዝብ ያደረገው ይህ ቀላልነቱ ነው። ፊትም እግርም የለውም፤ ሆኖም ማንም ልጅ ይሥለዋል፣ ማንም ልጅ ይሆነዋል። አሻንጉሊቱ ገበያውን ሞላው፤ በ1965 ለሲኒማ በቃ። ኔሽን ከዚህ ሁሉ ባለጸጋ ሆነ። ኩሲክ ግን ደመወዝተኛ ነበርና መቶ ፓውንድ ያህል ጉርሻ ብቻ ደረሰው፤ ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲያ ዳሌክ ከድራማው ወጥቶ ለብቻው መኖር ጀመረ። መዝገበ ቃላት ገባ፤ በ1999 የብሪታንያ ቴምብር ላይ ታተመ። ጸሐፌ ተውኔት ዴኒስ ፖተር በ1993 የቢቢሲን ዋና ዳይሬክተር በአደባባይ ዳሌክ ብሎ ሲዘልፈው አድማጩ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ከዝናው ጋር ፌዝም መጣ። ደረጃ የማይወጣ፣ የቧንቧ መክፈቻ ጎማ ይዞ ዓለምን የሚወር እየተባለ ይሣቅበት ነበር። በ1988 ግን ተንሳፍፎ ደረጃ ወጣ። በ2005 ደግሞ ሮበርት ሺርማን በጻፈው ክፍል አንድ ብቸኛ ዳሌክ ቀርቦ፣ ያንኑ የተሣቀበትን ጎማ በአሠቃዪው ፊት ላይ ለጥፎ አፍኖ ገደለው።