ሦስት ከመቶ

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን፣ ከ900 ሺህ ገደማ ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ብዙ ወላጅ አስደነገጠ። በ2015 ቁጥሩ 3.2 ሆነ፤ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ አለ። መሻሻል ነው፤ ሆኖም ከአሥር ተማሪ ዘጠኙ አሁንም ከመስመሩ በታች ነው። ይህ ፈተና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነው። በኑሮ ግን ከዚያ አልፏል፤ ዘመድም ቀጣሪም የሚጠይቀው «12ኛን ጨረስክ?» ሳይሆን «ስንት አመጣህ?» ብሎ ነው። መልሱ ከግማሽ በታች ከሆነ የ12 ዓመቱ ትምህርት እንዳልነበረ ይቆጠራል። ፈተናው ይኑር፤ ሁለተኛ ደረጃን መጨረስ አለመጨረስን ግን ለብቻው አይወስን ባይ ነኝ።

ፈተናው የጠበቀው በከንቱ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ወረቀት ሾልኮ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በመውጣቱ አገር አቀፉ ፈተና ተሰርዞ እንደ አዲስ መሰጠቱ ይታወሳል። ኩረጃውም የአደባባይ ምስጢር ነበር። ከ2014ቱ ፈተና ጀምሮ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ መደረጉ ቁጥሩን ቢያወርደውም እውነቱን አውጥቶታል። በኩረጃ ያበጠ ውጤት ለተማሪው እንኳ አይበጀውም ነበር፤ ጉድለቱን ለዩኒቨርሲቲ መምህር ከማሸከም በቀር።

ነገር ግን የወጣው እውነት ስለ ማን ነው? በ2002 ዓ.ም. በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ለክፍላቸው ከተዘጋጀ አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ክፍል ሳይደግሙ የመጡት የ2014 ተፈታኞች 2ኛ ክፍል የነበሩት ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ንባብ ሳይደላደልለት ያለፈ ልጅ ቆይቶ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ተማር ሲባል ጉድለቱ ከዓመት ዓመት ይጠራቀማል፤ የሚቆጠርበት ግን በመጨረሻው ሳምንት ነው። በ2015ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። አንድ ልጅ ሲወድቅ ስንፍናውን መጠርጠር ይቻላል፤ ትምህርት ቤቱ ከነተማሪዎቹ ሲወድቅ ግን ሁሉም ሰነፍ ሆነው ነው ማለት ያስቸግራል። መጽሐፍ ያላዳረሰው፣ መምህር ያልመደበው አካል ሳይጠየቅ ልጁ ብቻ ባዶ እጁን ቢሸኝ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ማስረጃው የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በ2003 እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ከተመረቁት ተማሪዎች ጀምሮ ዲፕሎማን ከፈተና ጋር አሰረች። ተመራማሪዎች በሂሳብ ፈተናው የማለፊያውን ነጥብ ለጥቂት ያጡትን ለጥቂት ካገኙት ጋር አነጻጸሩ። በእውቀት እምብዛም አይለያዩም። ሆኖም ከተማ ውስጥ ከሚኖሩ ድሃ ቤተሰቦች የመጡት ልጆች፣ ለጥቂት በመውደቃቸው ብቻ በጊዜያቸው የመመረቅ ዕድላቸው በ8 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ቀነሰ። ይህ የሆነው ደግመው መፈተን እየቻሉ ነው። በ2024 የግዛቲቱ መራጮች በሕዝበ ውሳኔ ግዴታውን አነሱት። ፈተናው ግን አልቀረም፤ ዛሬም ይሰጣል። የቀረው የመመረቂያ ቁልፍነቱ ነው፤ እኔም የምለው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

«እንዲህ ከሆነማ የምስክር ወረቀቱ ይረክሳል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ከባድ ተቃውሞ ነው። ለተማሪዎቻቸው ነጥብ የሚለግሱ ትምህርት ቤቶች መኖራቸውን ማን ይክዳል? ብሔራዊ ፈተናው ባይኖር ካርዱን ማን ያምነው ነበር? መፍትሔው ግን ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ማስፈር ነው፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው የትምህርት ቤት ውጤት በአንድ ወገን፣ የብሔራዊው ፈተና በየትምህርቱ በሌላ ወገን። ካርዱ ላይ 95፣ ፈተናው ላይ 30 የሚያሳይ ወረቀት ትምህርት ቤቱን ራሱን ያጋልጠዋል። «ካልተፈራ አይጠናም» ለሚሉም፣ የዩኒቨርሲቲው በር አሁንም በፈተናው ይከፈታል፤ ማለፊያውን ዝቅ አድርጉ ያለ የለም። ደግሞስ አብዛኛው እንደማያልፍ አስቀድሞ በሚታወቅበት ትምህርት ቤት ፍርሃቱ ምን ያህል ያስጠናል?

ለዩኒቨርሲቲ ያልበቃ ሁሉ ለምንም አይበቃም ማለት አይደለም። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በነበረበት ዘመን፣ ነጥቡ ለመሰናዶ ያልበቃው ተማሪ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። ያ መንገድ እንደ ውድቀት መታየቱ የራሱ ችግር ነበረው፤ መንገድነቱ ግን አልተካደም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚፈልግ ድርጅት ዛሬ ሊያውቅ የሚገባው የአመልካቹ ድምር ከ50 በመቶ በላይ ይሁን በታች አይደለም፤ በሂሳብና በፊዚክስ ስንት እንዳመጣ፣ አራቱን ዓመት በትጋት ተምሮ እንደሆነ ነው።