ድሃ ማነው? የድህነት ቅነሳ ዕቅድ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሲታይ

ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ለመድረስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ይበቃል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የንግድና የአስተዳደር ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ዝቅ ብላ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ቆዳና ብረታ ብረት የሚመረትባት የፋብሪካ ከተማ ናት። በዙሪያቸው ያሉት የደቡብ ወሎ ወረዳዎች ደግሞ ኑሯቸው በዝናብ ላይ የተንጠለጠለ ገበሬዎች አገር ናቸው። ነጋዴው፣ የፋብሪካ ሠራተኛውና ገበሬው እንዲህ ተቀራርበው የሚኖሩበት ይህ አካባቢ፣ አንድ አገር ድህነትን ለመቀነስ ዕቅድ ሲያወጣ ምን ማየት እንደሚገባው ለመረዳት ጥሩ መነሻ ነው።

የዓለም ባንክና የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) በ1999 እ.ኤ.አ. ድሃ አገሮች የዕዳ ስረዛም ሆነ አነስተኛ ወለድ ያለው ብድር ለማግኘት የራሳቸውን የድህነት ቅነሳ ስትራቴጂ እንዲያዘጋጁ ጠየቁ። ኢትዮጵያም በ1994 ዓ.ም. መጨረሻ የዘላቂ ልማትና ድህነት ቅነሳ ፕሮግራሟን አጠናቀቀች። ከ1995 እስከ 1997 ዓ.ም. የተሠራበት ይህ ሰነድ አራት ምሰሶዎች ነበሩት፦ ግብርና መር ኢንዱስትሪ ልማትና የምግብ ዋስትና፣ የፍትሕና የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ፣ ያልተማከለ አስተዳደር እንዲሁም አቅም ግንባታ። ሚያዝያ 1996 ላይ የዕዳ ስረዛው ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ በአጭር አጠራሩ «ፓስዴፕ» የተባለው ዕቅድ ከ1998 እስከ 2002፣ ሁለቱ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዶች ደግሞ ከ2003 እስከ 2012 ተከታትለው መጡ። በ2013 የተጀመረው የአሥር ዓመት የልማት ዕቅድ የሚዘልቀው እስከ 2022 ዓ.ም. ነው።

የሰነዶቹ ስም ቢለዋወጥም ሁሉም ሊመልሷቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ያው ናቸው። ድሃ ማነው? ለምን ደኸየ? ማን ይጠየቅ? ገንዘቡስ የት ይዋል?

መስመሩ የት ነው የተሰመረው?

በኢትዮጵያ የድህነት ልኬት የሚጀምረው ከምግብ ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ የሚያስገኝለት የተለመደ ምግብ ምን ያህል ብር እንደሚያስወጣ ይሰላል፤ በዚያ ላይ ለልብስ፣ ለቤትና ለሌሎች መሠረታዊ ነገሮች የሚያስፈልገው ይደመራል። ድምሩ የድህነት መስመር ይባላል። በ2008 ዓ.ም. መስመሩ ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር፤ በወር ሲመነዘር 600 ብር ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያ በታች የሚያወጣ ድሃ ይባላል፤ ከዚያ በላይ የሚያወጣ አይባልም።

በዚህ ልኬት መሠረት በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ የነበረው የድሆች ቁጥር በ1992 ወደ 44.2፣ በ1997 ወደ 38.7፣ በ2003 ወደ 29.6፣ በ2008 ደግሞ ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። በዚያው በ2008 በአማራ ክልል ቁጥሩ 26.1 በመቶ ነበር።

ነገር ግን አንባቢ ልብ ይሏል! ይህ ቁጥር የሚናገረው ስለ አንድ ዓመት ነው። ጥናቱ በተካሄደበት ዓመት ከመስመሩ በጥቂት ብር ከፍ ብሎ የተገኘ ቤተሰብ በማግሥቱ ዝናብ ቢቀርበት፣ በሬው ቢሞትበት ወይም አባወራው ቢታመም ወደ ታች ይወድቃል። መስመሩ የወደቀውን እንጂ ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመውን አይቆጥርም። ለዕቅድ አውጪው ግን ሁለቱም እኩል ያስፈልጉታል።

የደሴ ገበያ ለዓለም ያስተማረው

ይህን ነገር ከማንም በላይ የምታውቀው ወሎ ናት። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ረሃብ እጅግ ብዙ ሕዝብ አልቋል። ያን ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ ብዙዎች የሰጡት ማብራሪያ «ዝናብ ጠፋ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው ተራበ» የሚል ነበር። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ስለ ድህነትና ረሃብ በሚያትት መጽሐፋቸው ግን ወደ ደሴ ገበያ ዋጋ ተመለከቱ። እህል ጠፍቶ ከሆነ ዋጋው መናር ነበረበት። ያገኙት መረጃ የሚያሳየው ግን በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አለመናሩን ነው። ይባስ ብሎም ከወሎ እህል እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይሄድ ነበር።

ታዲያ ሰው ለምን ተራበ? የሴን መልስ፣ ምርቱ የጠፋበት ገበሬ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አጣ የሚል ነው። ሌላው ደሃ በመሆኑ የሚቀጥረው የለም። ከብቱን ሊሸጥ ቢያወጣ ሁሉም እየሸጠ ስለሆነ የከብት ዋጋ ወድቋል። የአፋር አርብቶ አደር ከብቱም አለቀበት፤ የቀረችውም ለእህል ስትለወጥ የምታመጣው አነሰ። እህል በመንገዱ እያለፈ ሰው በመንገዱ ዳር የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። በዋጋ መረጃው አተረጓጎም ላይ ጥያቄ ያነሱ አጥኚዎች አልጠፉም፤ በወሎ ውስጥ የነበረው የምርት ውድቀት ከባድ መሆኑንም ሴን አልካዱም። ዋናው ትምህርት ግን ጸንቷል፦ አገር ምን ያህል አመረተች ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ድሃው በእጁ ባለው ምን ያህል መግዛት ይችላል ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።

የቀን ሥራ 6 ብር

ይህ ትምህርት ወደ ፖሊሲ የገባው በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አሠራር ድርቅ ሲመጣ ለዓለም አቤት ማለትና እርዳታ መጠበቅ ነበር። ሴፍቲኔቱ በየዓመቱ ምግብ እንደሚያንሰው የታወቀ ቤተሰብ አስቀድሞ ተመዝግቦ፣ ጉልበት ያለው በእርከን፣ በመንገድና በውኃ ሥራ እየተሳተፈ፣ አቅመ ደካማው ያለ ሥራ እንዲረዳ አደረገ። ሲጀመር ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አቅፎ ነበር። የደቡብ ወሎ ወረዳዎችም ከተጠቃሚዎቹ መካከል ናቸው።

የቀን ክፍያው 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ሲጀመር ሁለቱ ይመጣጠናሉ ተብሎ ታስቦ ነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲንር ግን 6 ብሩ ያው 6 ብር ሆኖ የሚገዛው እህል አነሰ። ክፍያው ወደ 8 ብር ቢያድግም ገበያውን አልደረሰበትም፤ ብዙ ተጠቃሚዎችም ከብሩ ይልቅ እህሉን መረጡ። የወረቀቱ ዕቅድና የገበያው ዋጋ ሲለያዩ የሚከስረው ድሃው ነው። በዕቅድ ውስጥ የተጻፈ ማንኛውም የብር መጠን ከኑሮ ውድነቱ ጋር አብሮ የሚሄድበት ደንብ ከሌለው ዕድሜው አጭር ነው።

ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በደቡብ ወሎ የተካሄደ አንድ ጥናት ደግሞ የ1991 እና የ1992ቱን ድርቅ አስቀድሞና ተከትሎ ቤተሰቦች እንዴት እንደኖሩ ተከታትሏል። ውጤቱ የሚያስተዛዝብ ነው። ከድርቁ በኋላ የድሃ ድሃው ኑሮ በመጠኑ ተሻሽሏል፤ ሆኖም ከድህነት ለመውጣት አልበቃም። በአጠቃላይ የድሆች መጠንም እምብዛም አልተለወጠም። ሰውየው ይንቀሳቀሳል፣ ይለፋል፣ ግን ያው ቦታ ላይ ነው። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው የዘንድሮ ስንዴ ብቻ ሳይሆን በሬ፣ በግ፣ ብድርና ቀጣዩ ድርቅ እስኪመጣ የሚበቃ ፋታ ነው።

ፋብሪካ ያለበት ከተማ ድሃ የለውም?

ሁለተኛው የድህነት መውጫ መንገድ ሥራ ነው። ኮምቦልቻ በዕቅዶቹ ውስጥ የኢንዱስትሪ ማዕከል ተደርጋ ታየች። የኢንዱስትሪ ፓርኳ በሐምሌ 2009 ተመረቀ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚዘልቅ 392 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመርም ተዘርግቶላታል።

በ2009 ዓ.ም. የከተሞች ሴፍቲኔት ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች ከአማራ ክልል የገባችው ደሴ ናት፤ ኮምቦልቻ በመጀመሪያው ዙር አልነበረችም። ከየክልሉ አንድ ከተማ ሲመረጥ የዞኑ መዲና መቅደሟ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ውስጥ በኪራይ ቤት የሚኖር፣ ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው ሠራተኛ መኖሩ መዘንጋት የለበትም።

ሥራ ራሱም ሊወድቅ ይችላል። በጥቅምት 2014 መገባደጃ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ በሕወሓት ኃይሎች ተያዙ፤ በኅዳር መጨረሻ መንግሥት መልሶ ያዛቸው። በእነዚያ ሳምንታት የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች፣ የደሴ ሆስፒታልና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ዘረፋና ጉዳት ደረሰባቸው። በታኅሣሥ 2014 ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣች። ድርቅ የገበሬውን በሬ እንደሚወስድ ሁሉ ጦርነትና የገበያ መዘጋት የሠራተኛውን ሥራ ወሰዱ።

ማን ይጠየቅ?

የመጀመሪያው ሰነድ ሲዘጋጅ በ117 ወረዳዎች ሕዝብ የተወያየባቸው መድረኮች ተካሂደው ነበር፤ በኋላም ክልልና ፌዴራል ደረጃ ደርሰዋል። ይህ ለጊዜው ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም በስብሰባ ላይ ችግርን መናገር አንድ ነገር ሲሆን፣ የተናገሩት በበጀት ላይ መውጣቱን ማየት ሌላ ነገር ነው። የደጋው የደቡብ ወሎ ገበሬ በበልግ ዝናብ ላይ ይመካል። ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር የሚደርሱት የመኸሩን ቀን ቆጥረው ከሆነ ግን ምክክሩ ለእርሱ ምን ፈየደለት? ወረዳዎች ከ1995 ጀምሮ ጥቅል በጀት ማግኘታቸው ይህን ለማስተካከል የታሰበ ነበር። ነገር ግን አብዛኛው ገንዘብ ለደመወዝ የሚሄድ ከሆነ፣ ወረዳው የሚወስነው ነገር ጥቂት ነው።

የአሥር ዓመቱ ዕቅድ የድሆችን መጠን ከ19 በመቶ ወደ 7 በመቶ ለማውረድ ግብ ጥሏል። ግቡ የተጣለው ከጦርነቱ በፊት ነው። መነሻው 19 በመቶም ከ2008ቱ ጥናት ወዲህ የተገመተ እንጂ በአዲስ ጥናት የተቆጠረ አልነበረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። መነሻው የተናወጠበት ዕቅድ ግን መነሻውን እንደገና መቁጠር ሊያሳፍረው አይገባም።

ደሴና ኮምቦልቻ ለዕቅድ አውጪዎች የሚሰጡት ምክር እንግዲህ አጭር ነው። ድሃውን ብቻ ሳይሆን ሊደኸይ የተቃረበውንም ቁጠሩ። የምርቱን ኩንታል ስትቆጥሩ የገበያውን ዋጋም እዩ። የከፈላችሁት ብር ምን እንደሚገዛ በየዓመቱ ጠይቁ። የወደቀው ሰው የሚነሳበትን ጥሪት ቀድማችሁ አዘጋጁ። በ1965 ዓ.ም. የደሴ ገበያ ይህን ሁሉ ይናገር ነበር፤ የሚሰማው ግን አልነበረም።