ከስሙ በፊት ባዶነቱ

በእንግሊዟ ብላክበርን ከተማ የነበረው የሙላርድ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የሠራቸው ሙዚቃ የሚያጎሉ ቫኪዩም ቲዩቦች ዛሬም በውድ ዋጋ ይሸጣሉ። ዝናቸው የተገባ ነው። ሆኖም የፋብሪካ ስም መስታወት ላይ የታተመ ቀለም ነው፤ ሊለቅም፣ እንደገና ሊታተምም ይችላል። ሙዚቃውን የሚያጎላው መስታወቱ ውስጥ ያለው ነው።

መካከል ላይ የሚቆመው ካቶድ በባሪየምና በስትሮንቲየም ኦክሳይድ የተቀባ የኒኬል ቱቦ ነው። ማሞቂያው ሽቦ ሲያግለው ኤሌክትሮኖች ከላዩ እየለቀቁ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ወዳለበት አኖድ የሚባል ብረት ይሳባሉ። በመንገዳቸው ላይ ግሪድ የሚባል ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሟል። አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት እ.ኤ.አ. በ1906 የጨመረው ይህ ሽቦ ትንሽ የቮልት ለውጥ ሲደርሰው የኤሌክትሮኖቹን ፍሰት በብዙ ይለውጠዋል። ደካማው የሙዚቃ ሞገድ የሚጎላው በዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው አየር ከሌለ ብቻ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው አየሩን መጥጦ ካወጣ በኋላ የተረፈውን ጋዝ እንዲይዝ ባሪየም ያተንናል፤ ባሪየሙም መስታወቱ ላይ ብርማ ንጣፍ ሆኖ ይቀራል። ያ ንጣፍ ነጭ ሆኖ ካገኙት አየር ገብቷልና ቲዩቡ ሞቷል። ብርማ መሆኑ ግን ብቻውን አያስተማምንም፤ የካቶዱ ቅብ በአገልግሎት ብዛት ደክሞ ሊሆን ይችላልና። ይህን የሚያሳየው መለኪያ ነው። ለምሳሌ ስፒከር የሚነዳው ኢኤል84 የተባለ ቲዩብ በ250 ቮልት 48 ሚሊአምፔር ሲያሳልፍ፣ በግሪዱ ላይ ለሚደረግ የአንድ ቮልት ለውጥ ወደ 11 ሚሊአምፔር የሚጠጋ ለውጥ ይጠበቅበታል። ሻጩ የለካውን ቁጥር ካላሳየ፣ ለስሙ ብቻ ብዙ ገንዘብ መክፈል ተገቢ አይመስለኝም።

የትውልድ ስፍራውን ለማወቅ ከቀለሙ ይልቅ ከመስታወቱ ግርጌ ያለውን ደብዛዛ ግራጫ ኮድ ማንበብ ይሻላል። የሁለተኛው መስመር የመጀመሪያ ፊደል ቢ ከሆነ ብላክበርን ማለት ነው። የሌላው አምራች የቴሌፉንከን ምልክት ደግሞ ከሥር በእግሮቹ መካከል መስታወቱ ላይ የተቀረጸ ትንሽ የአልማዝ ቅርጽ ነው።

ገንዘብ የሚወጣበትንም ቦታ መምረጥ ያስፈልጋል። በማጉያው መግቢያ ላይ ያለው ኢሲሲ83 የተባለ ቲዩብ የሚያወጣው ሹክሹክታ ሁሉ በተከታዮቹ ቲዩቦች ይጎላል፤ ስለዚህ ምርጡን አሮጌ ቲዩብ ለዚያ ቦታ እመርጣለሁ። ድምጹን ዝቅ አድርገው ቲዩቡን በእርሳስ ቀስ ብለው ሲነኩት ስፒከሩ ቢያቃጭል፣ ውስጡ ያሉት ብረቶች ላልተዋል፤ ለመግቢያ አይሆንም። 12ኤዩ7 የተባለው ቲዩብ በዚያው ሶኬት ቢገባም የማጉላት አቅሙ ወደ 20 ነው፣ የኢሲሲ83 ግን 100፤ እግሩ ስለገጠመ ብቻ አይተካውም።

ስፒከሩን የሚነዱት ኢኤል84ዎች ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፉ ቶሎ ያረጃሉ። በስሎቫኪያ ጄጄ የተባለው ኩባንያ የሚሠራቸው አዲሶች ለዚህ በቂ ናቸው። በጥንድ የሚሠሩ ከሆነ ግን በመለኪያ የተመሳሰሉ ይሁኑ፦ የሚያሳልፉት ኤሌክትሪክ እኩል ካልሆነ የትራንስፎርመሩ ብረት ወደ አንድ ወገን ይማገነጣል፣ ወፍራሙ ድምጽም ይበላሻል።