ለጆሮም ለመልክም፦ ገመድ አልባ ማዳመጫ አመራረጥ

ገመድ አልባ ማዳመጫ ከስልክ ወይም ከኮምፒውተር የሚመጣውን ድምፅ በብሉቱዝ ተቀብሎ ጆሮ ላይ የሚያሰማ መሣሪያ ነው። በውስጡ ትንንሽ ስፒከሮች፣ የሬዲዮ መቀበያ፣ ማይክሮፎንና ባትሪ አለው። ዛሬ ግን ከመነጽርና ከእጅ ሰዓት ተርታ የሚቆጠር ጌጥም ሆኗል፤ ብዙ ገዢ በመጀመሪያ የሚያየው መልኩን ነው። ይህ አያስነቅፍም፤ ሰው ያላማረውን ነገር ቀኑን ሙሉ ራሱ ላይ አይጭንም። ችግሩ ምርጫው እዚያው ላይ ሲያበቃ ነው።

ጌጥነቱ አዲስ ነው። ናታኒየል ባልድዊን የተባለው የዩታ ሰው እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ በቤቱ ወጥ ቤት ሠርቶ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ያቀረበው ማዳመጫ የሬዲዮ ሠራተኛ የሥራ ዕቃ እንጂ ሰው የሚያጌጥበት አልነበረም። በ1958 ጆን ኮስ በሚልዋኪ ከተማ ለሙዚቃ የሚሆን የስቴሪዮ ማዳመጫ አወጣ፤ እሱም ቢሆን የቤት ዕቃ ነበር። ማዳመጫን ወደ ጎዳና ያወጣው ሶኒ በ1979 ከዎክማን ካሴት ማጫወቻው ጋር የሸጠው ቀላል ማዳመጫ ነው። መልክን ዋና መሸጫ ያደረገው ደግሞ ራፐሩ ዶክተር ድሬና የሙዚቃ ፕሮዲውሰሩ ጂሚ አዮቪን ያቋቋሙት ቢትስ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ምርቱ በ2008 ገበያ ላይ ዋለ። አፕል በ2014 ኩባንያውን በ3 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2016 ደግሞ ከአይፎን 7 ላይ የማዳመጫ መሰኪያውን አንሥቶ ኤርፖድስን አስተዋወቀ። ሌሎች ስልክ አምራቾችም ቀስ በቀስ ተከተሉት።

በምርጫው ቅርጽ ከቀለም ይቀድማል። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ትልቁ ዓይነት ለረጅም ሰዓት ማዳመጥ የሚመች፣ ድምፁም ሰፋ ያለ ነው፤ ነገር ግን ያሞቃል፣ ቦርሳ ውስጥም ቦታ ይይዛል። ጆሮ ላይ የሚያርፈው አነስተኛው ዓይነት ቀላልና ለዓይን የሚማርክ ቢሆንም፣ ጆሮን ተጭኖ ስለሚይዝ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲቆይ የሚያሳምማቸው ሰዎች አሉ። ጆሮ ውስጥ የሚገቡት ጥንዶች፣ በተለምዶ ኤርፖድ የሚባሉት፣ ኪስ ውስጥ ይገባሉ፤ በዚያው ልክ በቀላሉ ይጠፋሉ። ሹሩባ የተሠራች፣ ሻሽ ያሰረች ወይም ሂጃብ የለበሰች ሴት በራስ አናት ላይ የሚያልፈው ቅስት ስለማይመቻት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሻላት ይኸው ትንሹ ነው። መነጽር የሚያደርግ ሰው ደግሞ ትልቁን ሲሞክር መነጽሩን ማውለቅ የለበትም፤ የመነጽሩ ዘንግ ከማዳመጫው የጆሮ ትራስ ሥር ክፍተት ከፈጠረ ድምፁ በዚያ ይሾልካል።

ቁንጅና ዋጋ የሚያስከፍልበት ጊዜም አለ። የአፕል ኤርፖድስ ማክስ ከአሉሚኒየምና ከብረት የተሠራ እጅግ የሚያምር ዕቃ ነው፤ ክብደቱ ግን 385 ግራም ገደማ ይደርሳል። አብዛኛው አካሉ ፕላስቲክ የሆነው የሶኒ ደብሊውኤች-1000ኤክስኤም5 250 ግራም ያህል ነው። ልዩነቱ ሱቅ ውስጥ በአምስት ደቂቃ አይታወቅም፤ ሁለተኛው ሰዓት ላይ አንገት ይናገረዋል። ሶኒም ራሱ ለመልክ ሲል የተወው ነገር ነበር፦ በ2022 ያወጣው ይህ ሞዴል ከቀዳሚው ይልቅ ለስላሳና ዘመናዊ ቢመስልም መታጠፍ አይችልም፣ ማኅደሩም ገዝፏል። ኩባንያው በ2025 በወጣው ተከታይ ሞዴል ማጠፊያውን መልሶ አምጥቶታል። በየቀኑ ቦርሳ ይዞ ለሚወጣ ሰው ከማንኛውም የቀለም ምርጫ በላይ የሚጠቅመው ይህ ማጠፊያ ነው። ቀለምን በተመለከተ፣ ነጭ ትራስ በላብና በቅባት ቶሎ ይወይባል። ሰው ሠራሽ ቆዳም ከጊዜ በኋላ ይላጣል፤ ስለዚህ ትራሱ ለብቻው ተገዝቶ የሚቀየር መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

የድምፅ ጥራት ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ በልክ ይወሰናል። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ ቀዳዳውን በደንብ ካልዘጋ ወፍራሙ ድምፅ፣ ማለትም ቤዙ፣ ይጠፋል፤ ገዢውም ዕቃው መናኛ የሆነ ይመስለዋል። ከዕቃው ጋር የሚመጡት ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ የሲሊኮን ጫፎች ለዚህ ናቸው። የአንድ ሰው ቀኝና ግራ ጆሮ የተለያየ መጠን ሊፈልግም ይችላል። ካርቶን ላይ የሚጻፈው «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» የሰው ጆሮ የሚሰማው ወሰን ስለሆነ አብዛኛው ማዳመጫ ይጽፈዋል፤ አንዱን ከሌላው ለመለየት አይረዳም። የተሻለው መፈተኛ ገዢው በቃሉ የሚያውቀው ዘፈን ነው። ከበሮው ሲመታ የድምፃዊው ቃል የሚዋጥ ከሆነ ቤዙ ከልክ አልፏል። ማሲንቆው ጆሮ የሚወጋ፣ የክራሩ ክሮችም አንዱ ከሌላው የማይለዩ ከሆኑ ማዳመጫው ለአገር ቤት ሙዚቃ አይሆንም።

ሻጮች ከሚያወሩላቸው ነገሮች አንዱ ድምፁ በብሉቱዝ የሚታሸግበት ስልት፣ ኮዴክ የሚባለው ነው። ኤስቢሲ በሁሉም የብሉቱዝ ሙዚቃ ማዳመጫዎች ላይ ያለ መነሻ ነው፤ አይፎን ኤኤሲን ይጠቀማል፤ የሶኒው ኤልዳክ በሰከንድ እስከ 990 ኪሎቢት ያስተላልፋል። ነገር ግን ኮዴክ የሚሠራው ስልኩም ማዳመጫውም ሲያውቁት ብቻ ነው። አይፎን የያዘ ሰው ለኤልዳክ ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ቢከፍል ገንዘቡን ጣለ ማለት ነው።

ጫጫታ መቀነሻው ግን ገንዘብ ሊወጣበት ይገባል። ስልቱን ለማዳመጫ ካበቁት አንዱ የቦዝ ኩባንያ መሥራች አማር ቦዝ ነው፤ በ1978 ከዙሪክ ወደ ቦስተን ሲበር የአውሮፕላኑ ጩኸት ሙዚቃውን ስለዋጠበት እዚያው በረራው ላይ ስሌቱን መሥራት ጀመረ። ኩባንያው ለተራ ተጠቃሚ የሚሆነውን ማዳመጫ ያወጣው በ2000 ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ማይክሮፎኑ የውጭውን ድምፅ ይሰማል፣ ማዳመጫው የዚያን ድምፅ ተቃራኒ ሞገድ ይፈጥራል፣ ሁለቱም ተገናኝተው ይጠፋፋሉ። ስልቱ የሚያይለው በማያቋርጥ ወፍራም ድምፅ ላይ ነው፤ የአውሮፕላንን፣ የአውቶቡስ ሞተርንና የጄኔሬተርን ጩኸት ያለዝባል። የታክሲ ረዳት ጥሪን ወይም የሕፃን ለቅሶን ግን እንደዚያ አያጠፋም። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ብቻ ለሚያዳምጥ ሰው ወጪው አያስፈልግም። መንገድ ለሚሻገር ደግሞ የውጭውን ድምፅ መልሶ የሚያስገባ አማራጭ ያለው ይሻላል፤ የመኪና ጡሩንባ አለመስማት አደጋ ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ባትሪ ትልቅ ጉዳይ ይሆናል። ከላይ የተጠቀሰው የሶኒ ማዳመጫ ጫጫታ መቀነሻው በርቶ እስከ 30 ሰዓት ይሠራል፤ ጫጫታ መቀነሻ የሌለው ማርሻል ሜጀር 4 ከ80 ሰዓት በላይ እንደሚቆይ አምራቹ ይገልጻል። ትንንሾቹ ጥንዶች በአንድ ቻርጅ ባብዛኛው ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት ሠርተው በኬዛቸው ይሞላሉ። ሊቲየም ባትሪ በተሞላ ቁጥር አቅሙ እየቀነሰ ስለሚሄድና ትንንሾቹ ማዳመጫዎች በሙጫ ስለሚታሸጉ፣ ባትሪያቸው ሲደክም አብዛኞቹ ተጥለው ይቀራሉ። ረጅም ዕድሜ የሚፈልግ ሰው ትልቁን፣ በተለይም በገመድ መሥራት የሚችለውን፣ ቢመርጥ ያተርፋል። የቻርጅ መሰኪያው ዩኤስቢ-ሲ መሆን አለበት፤ የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ በገበያው ላይ ለሚቀርቡ አዳዲስ ማዳመጫዎች ይህንኑ ግዴታ አድርጓል።

በአዲስ አበባ ገበያ፣ በመርካቶም ሆነ በሌላ ሰፈር፣ ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ፈተና አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ነው። ፌኩ ኤርፖድ ሲከፈት እንደ እውነተኛው አይፎኑ ላይ ሥዕል ሊያወጣ ይችላል፤ መለያ ቁጥሩም ከእውነተኛ ዕቃ የተገለበጠ ሊሆን ስለሚችል ቁጥር ማጣራት ብቻውን አይበቃም። ጫጫታ መቀነሻውን ጩኸት ባለበት ቦታ አብርቶና አጥፍቶ መሞከር፣ እንዲሁም በስልክ ደውሎ ማይክሮፎኑን መፈተን ብዙውን ያጋልጣል። አቅሙ አነስተኛ የሆነ ገዢ በትልቅ ስም ከተለጠፈ ፌክ ይልቅ በራሱ ስም የሚሸጥ ርካሽ ዕቃ፣ ለምሳሌ ከቴክኖና ከኢንፊኒክስ ስልኮች ጋር በአንድ ኩባንያ ሥር ያለውን ኦራይሞ፣ ቢገዛ ይሻለዋል።

የትኛውም ማዳመጫ ቢመረጥ የድምፁ መጠን ልክ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ወሰን 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ 90 ሲደርስ የሚፈቀደው ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። ድምፁን ከስልኩ ሙሉ አቅም ከ60 በመቶ በታች ማድረግም የድርጅቱ ምክር ነው። በጮኸ ድምፅ የተጎዳ የጆሮ ውስጥ ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልም።