የኮረም ንጋትና መሐመድ አሚን

በልጅነቴ በቤታችን የልብስ ሣጥን ውስጥ፣ ከእናቴ የክት ቀሚስ ሥር፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ «ሰላምታ» የተባለ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጽሔት ነበረ፤ አጎቴ ከአንድ የሥራ ጉዞ ሲመለሱ ያመጡት ስለ ሆነ፣ እኛ ልጆች እጃችንን ሳንታጠብ እንድንገልጠው አይፈቀድልንም ነበር። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የስሜንን ገደል ከአዲስ አበባ ሳልወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በዚያ መጽሔት ገጾች ላይ ነው። መጽሔቱን ናይሮቢ ላይ ያሳትም የነበረው ካሜራፒክስ የተባለው ድርጅት እንደ ሆነ፣ የካሜራፒክስም መሥራች የኮረምን ረኃብ ለዓለም ያሳየው መሐመድ አሚን እንደ ሆነ ያወቅሁት ግን ከጎለመስሁ በኋላ ነው። አገሬን በውበቷ ያስተዋወቀኝና አገሬን በመከራዋ ለዓለም ያስተዋወቃት አንድ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ስሙን ከሰው አፍ ሰምቼ አለማወቄ እጅግ አሳዘነኝ፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚሁ ነው። ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ።

መሐመድ አሚን በ1935 ዓ.ም. በናይሮቢ ተወለደ። ቤተ ሰቡ ከፑንጃብ የመጣ ሲሆን አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ልጁ ያደገው በዳሬሰላም ነው። ገና ተማሪ ሳለ በአንዲት አሮጌ የሣጥን ካሜራ ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመረ፣ ዕድሜው ሃያ ዓመት ሲሞላ ገደማም ካሜራፒክስን አቋቋመ። በ1956 ዓ.ም. የዛንዚባር አብዮት ሲነሣ እዚያው ተገኝቶ ቀረጸ፤ ጥቂት ቆይቶም በዚያችው ደሴት ታስሮ ለአንድ ወር ያህል ከተሠቃየ በኋላ ተባርሮ ወደ ናይሮቢ ተመለሰ። በ1961 ዓ.ም. የኬንያው ሚኒስትር ቶም ምቦያ በናይሮቢ ጎዳና በጥይት ሲመታ፣ ከስፍራው ፈጥኖ ደርሶ ያነሣው ፊልም በእንግሊዝ አገር የዓመቱ የቴሌቪዥን ካሜራ ባለሙያ ተብሎ እንዲሸለም አበቃው። የኡጋንዳውን ገዥ የኢዲ አሚንን ዘመነ ሽብርም፣ ወደ መካ የሚተመውን የሐጅ ጉዞም ቀርጾአል። ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ይበቃ ነበር፤ እኔን የሚያቆየኝ ግን የጥቅምት 1977 ዓ.ም. ሥራው ነው።

ያን ወር ለማስተዋል ዐሥራ አንድ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1966 ዓ.ም. መባቻ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረኃብ በፊልም ለዓለም አሳየ፤ ደርግም ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ሥዕሎች ጋር አቀላቅሎ በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ሌሊት በቴሌቪዥን ለሕዝብ አሳየና፣ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋናቸው አወረደ። በረኃብ ሥዕል ሥልጣን የጨበጠው ይኸው መንግሥት፣ ዐሥረኛ ዓመቱን በመስከረም 1977 ዓ.ም. በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ በሰሜን የሚያልቀውን ሕዝብ ከዓለም ዓይን ሰውሮ፣ ለጋዜጠኞች የጉዞ ፈቃድ ይከለክል ነበር። ፍርድ ላለማጓደል ግን ይህም መነገር አለበት፤ የራሱ የመንግሥቱ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለአደጋ መጋለጡን ለለጋሽ መንግሥታት በቁጥርና በሰነድ አስታውቆ ነበር። ቁጥሩ ተነበበ፣ በመዝገብም ተቀመጠ፤ ያንጊዜ ልብ የነካው ሰው ግን ጥቂት ነበረ።

መሐመድ አሚን ፈቃድ ለማግኘት የሚያውቀውን ሰው ሁሉ ለምኖ፣ ከቢቢሲው ዘጋቢ ከማይክል ቡርክ ጋር ወደ መቀሌና ወደ ኮረም ሄደ። እስኪ ፊልሙን ዛሬ ፈልጋችሁ እዩት፤ ስታዩም የምታዩትን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደ ታየ አስተውሉ። የሚጀምረው በንጋት ነው። የደጋው ጉም ከምድር ገና አልተነሣም፣ በሜዳው ላይ ጋቢና ቡልኮ የተከናነበ፣ የቆመም የተኛም በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይታያል፤ ካሜራው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው በዝግታ ይሄዳል፣ ሕዝቡ ግን አያልቅም። ሌላ ሰው ቢሆን ቶሎ ወደ ሕፃናቱ ፊት በተጣደፈ ነበር። አሚን ግን ተመልካቹ የመከራውን ስፋት በዓይኑ እስኪለካው ድረስ ታገሠ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ አንዲት እናት፣ ወደ አንድ በድን፣ አልጋ በሌለው መሬት ላይ ወደ ተኛ ሕፃን የቀረበው። ሙዚቃ የለውም፤ የሚሰማው የሰው ሳልና ሙሾ ነው። የአንድ ዜና ወግ ሁለት ደቂቃ በነበረበት ዘመን ዘገባው ሰባት ደቂቃ ያህል ተፈቀደለት። በመቀሌ የቀይ መስቀል ነርስ የነበረችው ክሌር በርቺንገር፣ ምግቡ ለሁሉ ስለማይበቃ ከሕፃናቱ መካከል የሚመገበውን ለመምረጥ የተገደደችበት መከራም በዚያው ጊዜ ታወቀ።

ፊልሙ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ታየ፤ በአሜሪካም ኤንቢሲ ተቀብሎ አሳየው፣ ከ400 በላይ በሆኑ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ተሠራጨ። ቦብ ጌልዶፍ ያን ምሽት አይቶ የዘፋኞችን ማኅበር ሰበሰበ፤ በሐምሌ ወር 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላዴልፊያ የተደረገው ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ ትርኢት የዚያ ዘገባ ልጅ ነው። የኮሚሽኑ ቁጥር በሰባት ወር ያላንቀሳቀሰውን እህልና አውሮፕላን ሰባት ደቂቃ አንቀሳቀሰው።

ይሁን እንጂ ብዙ ወገኖቼ፣ በተለይም በስደት የሚኖሩት፣ ይህን ሥዕል አይወዱትም፤ እኔም አልፈርድባቸውም። ልጆቻቸው በባዕድ አገር ትምህርት ቤት «አገራችሁ ምግብ አለ ወይ» እየተባሉ አድገዋል። ነገሩን በመረመርሁ ቁጥር ግን በደሉ ከሥዕሉ ይልቅ በቃሉ እንደ ሆነ ይታየኛል። ዘጋቢው ቡርክ ያየውን በመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ከነበረው ረኃብ ጋር አመሳሰለው፤ ሰሚውም ነገሩን በፈርዖን ሕልም እንደ ታዩት እንደ ሰባቱ የከሱ ላሞች፣ ከሰማይ የወረደና የሰው እጅ የሌለበት አድርጎ ተቀበለው። የሰው እጅ ግን ነበረበት። ድርቁን ወደ እልቂት የለወጠው በትግራይና በወሎ የተፋፋመው ጦርነት፣ የተዘጋው መንገድና የተደበቀው እውነት ነው። ሥዕል ማን መንገዱን እንደ ዘጋ መናገር አይችልም፤ ያ የቃል ሥራ ነበረ፣ ቃሉም በሚገባ አልተናገረም።

የሚያሳዝነኝ ሌላው ነገር፣ እኛ አሚንን የኮረም ሰው ብቻ አድርገን ማሰባችን ነው። ከረኃቡ በኋላ ካሜራውን ይዞ ወደዚህ አገር ተመላልሶአል፣ ድርጅቱም የኢትዮጵያን ታሪክና መልክዐ ምድር የሚያስጎበኝ መጽሐፍ አሳትሞአል። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ በገባ በሰባተኛው ቀን፣ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ፣ ለመቅረጽ ቀርቦ ሳለ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሞተ፣ እርሱም ግራ እጁን አጣ። በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራ መያዝን እንደ ገና ተምሮ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከባልደረባው ከብራያን ቴትሊ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲመለስ፣ የተሳፈረበትን የበረራ ቁጥር 961 አውሮፕላን ሦስት ሰዎች ጠለፉት። ጠላፊዎቹ ወደ አውስትራሊያ ካልሆነ ብለው አብራሪውን ካፒቴን ልዑል አባተን አስገደዱት፤ ነዳጁም አልቆ አውሮፕላኑ በኮሞሮስ ደሴቶች ዳርቻ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። አሚን እስከ መጨረሻው ቆሞ ጠላፊዎቹን ይሟገት እንደ ነበረ ከአደጋው የተረፉት መስክረዋል። ዛሬ በናይሮቢ በሚሊዮን የሚቆጠረውን የሥዕል ቅርሱን የሚጠብቀው ልጁ ሳሊም አሚን ነው።

ባለፈው ዓመት ይህን ፊልም በሠፈራችን ለሚኖሩ አንዲት የአላማጣ ተወላጅ እናት አሳየኋቸው፤ በዚያ ዘመን ወጣት ሆነው ኮረም ነበሩ። ያዝናሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፣ እሳቸው ግን በጸጥታ ተመለከቱ። «ብርዱ አይታይም» አሉኝ ሲጨርሱ፤ «ከረኃቡ ይልቅ ሌሊቱን የጨረሰን ብርዱ ነበረ»። ከዚያም የንጋቱን ሜዳ እንደ ገና እንድመልስላቸው ጠየቁኝ፤ መለስሁላቸው። ካሜራው ከዳር እስከ ዳር በዝግታ ሲሄድ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ስልኬ ጠጋ አሉ። ምን እንደሚፈልጉ ጠየቅኋቸው። «እኅቴን» አሉ፤ «ነጠላዋ ጥለቱ ቀይ ነበረ።»