ልጅዎ «ይህች ወፍ ማን ትባላለች?» ሲልዎት

 

የዐረፋ ዕለት ኡዱሒያው ታርዶ ሥጋው ሲበለት ከግቢያችን በላይ የሚያንዣብቡትን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ልጃችን ጣቱን ቀስሮ «ያ ምንድን ነው?» ሲለን ግን መልሳችን ያው ነው፤ ትልቅ ከሆነ «አሞራ ነው»፣ ትንሽ ከሆነ «ወፍ ነው» ብለን እናልፋለን። በሀገራችን ከ800 በላይ የአዕዋፍ ዝርያዎች እያሉ ለልጆቻችን የምናወርሳቸው ሁለት ስም ብቻ ሆኗል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስሟን፣ ጎጆዋንና ምግቧን የማያውቃት ወፍ ለልጁ የወንጭፍ ዒላማ ናት። የሚያውቃትን ግን ለመምታት እጁ ያመነታል።

የአነስ ኢብኑ ማሊክ ታናሽ ወንድም የነበረውን ሕፃኑን አቡ ዑመይርን እናስታውስ። የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ስለዚህች ወፍ እየጠየቁ ያጫውቱት እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። አንድ ነገር ልብ እንበል፤ እንዲሁ «ወፍ» አላሏትም፤ በዝርያዋ ስም «ኑገይር» ብለው ነው የጠሯት።

ታዲያ ከየት እንጀምር? መጽሐፍም መነጽርም ባይኖረን ከሱብሕ ሶላት በኋላ ፀሐይ ስትወጣ ከልጃችን ጋር አንድ ዛፍ ሥር ሩብ ሰዓት ዝም ብለን መቆም ይበቃናል። ወፎች በብዛት የሚንቀሳቀሱት በዚያን ሰዓት ነው።

በመጀመሪያ መጠኗን በምናውቀው እንለካ፦ ድምቢጥ ታክላለች? እርግብ? ወይስ ቁራ? ቀጥሎ ምንቃሯን እንመልከት። አጭርና ወፍራም ከሆነ ጥሬ ፈልፋይ ናት፤ ቀጭንና ቆልማማ ሆኖ አበባ ውስጥ ከገባ የአበባ ወለላ ትመጣለች፤ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ከሆነ ሥጋ በሊታ ናት። ከዚያ ጅራቷን፣ አበራረሯንና ድምፅዋን እናስተውል። ያየነውን ልጁ በደብተሩ ከነቀኑ ይጻፈው፣ ይሣለው። ስሙን ካላወቅን «አላውቅም፤ አያትህን እንጠይቅ» ማለት አያሳፍርም። ገጠር ያደጉ አያቶቻችን ብዙ ስም ያውቃሉ።

አሁን ወደ ዐረፋው ሰማይ እንመለስ። ጅራቱ መሐሉ ላይ ገባ ያለና እንደ መቅዘፊያ የሚያዞረው ጭልፊት ነው። ክንፈ ሰፊው፣ ጅራተ አጭሩና ራሱ በራ የሆነው ጥንብ አንሳ ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፣ ምንቃረ ወፍራሙ ደግሞ ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ውጭ የማይገኘው ቁራችን ነው። ጥንብ አንሳ በድን እየበላ አካባቢያችንን ያጸዳልናል። ሆኖም በከተሞቻችን የሚታየው ትንሹ ጥንብ አንሳ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም ደረጃ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተመድቧል። ከምክንያቶቹ አንዱ የተመረዘ ሥጋ መብላቱ ነው።

በመስክ ላይ ደግሞ ጉትዬውን እንደ ማራገቢያ እየዘረጋ በረጅም ምንቃሩ መሬት የሚወጋ፣ ክንፉ ጥቁርና ነጭ የሆነ ወፍ ብታዩ ለልጃችሁ በደስታ ንገሩት። ለነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) የሰበእን ወሬ ያመጣው ሁድሁድ ነው! ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳይገደሉ ከከለከሏቸው እንስሳት አንዱም እሱ ነው። ታሪኩን በቁርኣን የሰማ ልጅ ወፉን በዓይኑ ሲያየው ትምህርቱ ከልቡ አይጠፋም።

ውድ ወላጆች፣ በዚህ ሳምንት አንዲት ወፍ ብቻ ከልጃችን ጋር እንወቅ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛዋ ትጨመራለች፤ ወንጭፉም ኢንሻ አላህ ከእጁ ይወድቃል።